የቡና እጣንና አስም ያለበት ልጅ
(ለኑኑ ቁምባ እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በያንዳንዳችን ቤት በየቀኑ የሚደረግ ነው። ቡና ሲፈላ ሳር ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ፍም በማጨሻው ላይ ይደረግና እጣን ጣል ይደረግበታል። ቤቱ መልካም ሽታ ይሸታል፤ እንግዳም ደስ ይለዋል። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ደግ ልማድ ስለሆነ ልንነቅፈው አልመጣንም። እኛም በዚሁ ጢስ ውስጥ ያደግን ነን።

ነገር ግን በቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን ልጅ ካለ፣ ያ መልካም ሽታ ለእሱ መልካም አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል? ቡናውን እንተው? ጸሎቱንና ምርቃቱንስ? የለም፤ የሚተወው ጢሱ ብቻ ነው። ጢሱ ቀርቶ ክብሩ እንዴት እንደሚቆይ ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

በአንድ ቤት ያየነው

ከከተማው ራቅ ባለ በአንድ ቤት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሌሊት ሌሊት ትስላለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ በበዓል ማግሥት ደግሞ ይብስባታል። እናቷ «ብርድ ነው» ትላለች። ቡናውን የሚያፈሉት ልጆቹ «አኮ» እያሉ የሚጠሯቸው አያቷ ናቸው። አኮ በቀን ሦስት ጊዜ እጣን ያጨሳሉ። ልጅቱ ስትስልም በጋቢ ሸፍነው በጢሱ ላይ ያጥኗት ነበር። ይህን ያደረጉት ይሻላታል ብለው እንጂ ለክፋት አይደለም።

እጣኑን ለጥቂት ሳምንት እንዲያቆዩት ብንለምናቸው አኮ ተቆጡ። «ልጆቼ፣ እጣን ያልጨሰበት ቤት በረከት የለውም። እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። አሁን መጥታችሁ ቤቴን ባዶ ልታደርጉት ነው ወይ?» አሉን። እውነት ለመናገር መልስ አጠረን። ለእርሳቸው እጣን ሽታ ብቻ አልነበረም፤ የእናታቸው መታሰቢያ፣ ከጸሎታቸው ጋራ አብሮ የሚወጣ ነገር ነበር።

በመስቀል ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ከሰሉም እጣኑም እቤት ውስጥ ነደደ። ዝናብ ስለነበረ በሩ ተዘግቶ ነበር። ማታ ልጅቱ ትንፋሽ አጠራት፤ መናገር አቃታት፤ አጎቷ አዝሏት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። አኮ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን።

አስም ምንድን ነው?

የምንተነፍሰው አየር ወደ ሳንባችን የሚገባው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች ነው። አስም ያለበት ሰው ቧንቧዎቹ በቀላሉ ይቆጣሉ። የሚያስቆጣ ነገር ሲደርስባቸው ያብጣሉ፣ ይጠብባሉ፣ አክታም ይሞላባቸዋል። በጠባብ ዋሽንት አየር ሲያልፍ እንደሚያፏጭ ሁሉ ደረቱም ሲር ሲር ይላል።

አስም ተላላፊ አይደለም። አስም ያለባት ልጅ በጠጣችበት ሲኒ ብትጠጡ ምንም አይደርስባችሁም። ከቡዳና ከዓይን ጋራም ግንኙነት የለውም። ነገር ግን እንደ ቀላል የሚታይ ሕመም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህሉ ሞተዋል።

ጢሱ ምን ያደርጋል?

እጣን የዛፍ ሙጫ ነው። በመተማ፣ በትግራይና በቤንሻንጉል ቆላ የዛፉ ቅርፊት እየተፋቀ ይለቀማል። ሙጫው ፍም ላይ ሲቃጠል ዓይን የማያየው እጅግ የደቀቀ ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙም እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። ከርቤም፣ ወገርትም፣ ሰንደልም ቢሆን ያው ነው፤ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ይጢሳል። «የኛ እጣን ንጹሕ ነው፣ አይጎዳም» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው አደጋ ከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። አስም የሌለበትን ጤነኛ ሰው እንኳ ተኝቶ ሳለ ሊገድለው ይችላል።

ሦስተኛው የማገዶው ጢስ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ እጣኑን ትታችሁ እንጀራውን በመኝታ ክፍል ብትጋግሩ ሥራው ግማሽ ነው። ማድ ቤቱ ለብቻው ይሁን፤ መስኮት ይኑረው፤ ቢቻል ጢስ ማውጫ ያለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሠራበት።

በእጣን ፈንታ ምን እናድርግ?

1ኛ. እርጥብ ሳር ጎዝጉዙ። ቀጤማው ከአሪቲ ወይም ከጠጅ ሳር ጋራ ሲደባለቅ ያለ እሳት ይሸታል። አበባ የያዘውን ግን ለዩት፤ በውሃ አለቅልቃችሁ አራግፉት። የደረቀ ሳር አቧራና ሻጋታ ስለሚያመጣ እዚያው ዕለት ማታ ውሃ ረጭታችሁ ጥረጉት። ሲጠረግ ልጁ ውጭ ይቆይ።

2ኛ. ቡናውን በረንዳ ላይ ቁሉ። የቡና ቁሌትም ይጢሳል። ምጣዱን እየጤሰ በእንግዳ ፊት ከማዞር ይልቅ ጢሱ ሲበርድ አግቡት። ያን ጊዜ የሚሸተው ቡናው ራሱ ነው። ወለጋ የቡና አገር ሆኖ ሳለ ከቡና የሚበልጥ ሽታ ከየት ይመጣል? ለቡና ቀላም ቢሆን ቡናው በቅቤ የሚጠበሰው ውጭ ይሁን፤ ምርቃቱ ግን እቤት ውስጥ ይደረግ።

3ኛ. ጤና አዳም በሲኒው ላይ አድርጉ። የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭም በሳሕን ላይ ይቀመጥ።

4ኛ. እጣኑን ሳታቃጥሉ አስቀምጡ። ያልተቃጠለ እጣን በማጨሻው ውስጥ ከረከቦቱ አጠገብ ቢቀመጥ ለስለስ ያለ ሽታ አለው፤ ወጉም አይጓደልም።

5ኛ. ልብስና ጋቢ ከማጠን ይልቅ አጥባችሁ ፀሐይ አስመቱ። ልጁ የሚለብሰው ጋቢ የጢስ ማደሪያ መሆን የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዳንዱን የአስም ሕመምተኛ ጢስ የሌለው ሽታ እንኳ ያስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትጨምሩ ቆዩና የልጁን ሌሊት አስተውሉ። ከዚያ በኋላ አንዱን ብቻ፣ በቀን፣ በር ከፍታችሁ ሞክሩ። ካሳለው አውጡት። ከሱቅ የሚገዛ በዘንግ ላይ የተጠቀለለ ሰንደል፣ ሽታ ያለው ሻማና የሚረጭ ሽቶ ግን በእጣን ፈንታ አይሆኑም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ልጅን በእንፋሎቱ ላይ መሸፈንም አይገባም፤ ውሃው ተገልብጦ ሊያቃጥለው፣ ሽታውም ቧንቧውን ሊያስቆጣው ይችላል።

ጢስ ሥራ የሚሠራባቸው ቦታዎች

የወተት ዕቃ በወይራ ሳይታጠን እንዴት ይሆናል? የምትሉን እናቶች ትኖራላችሁ። ዕቃውን ማጠን ይቻላል፤ ነገር ግን ከቤት ውጭ፣ ልጁ በሌለበት፣ ዕቃው አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ከታጠበ በኋላ ይሁን።

ወደ ዴዴሳ ቆላ ያላችሁ ደግሞ ለወባ ትንኝ ብላችሁ ማታ ማታ ቅጠል ታጨሳላችሁ። ከወባ የሚያድነው ግን አጎበር ነው። ልጁ በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ትኩሳት ሲይዘውም ወዲያው ይመርመር።

እጣን መጥፎ ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ከሽንት ቤት የሚመጣ ሽታ የሚጠፋው ጉድጓዱ ሲከደንና አመድ ሲነሰነስበት ነው። በግ ወይም ጥጃ ከሰው ጋራ የሚያድር ከሆነ በረቱን መለየት ይገባል። ንጹሕ ቤት ሽታውን የሚሸፍንለት ጢስ አያሻውም።

ጸሎቱስ?

ይህን ነገር ስናነሣ ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር አለ፤ እጣን ከቀረ ጸሎቱ የሚጎድል ይመስላቸዋል። እስቲ በአካባቢያችን ያለውን እንመልከት። በእሬቻ ዕለት ሕዝቡ ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ለምስጋናው በእጁ የሚይዘው እርጥብ ሳርና አበባ ነው። በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲም፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓሉ በሚከበርበት በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔም እንዲሁ ነው። የወንጌላውያን አማኞች የሆኑ ጎረቤቶቻችንም ያለ እጣን ይጸልያሉ።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ማዕጠንት የቅዳሴው ሥርዓት ስለሆነ እኛ ምንም አንልበትም። ነገር ግን ብዙ ምእመን በቅጥር ግቢው ቆሞ ያስቀድስ የለም እንዴ? አስም ያለበት ልጅም ከእናቱ ጋራ በዛፉ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቁም። ለንስሐ አባታችሁም ሕመሙን ንገሯቸው።

ሕመሙ ሲነሣ

ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አታስተኙት። ጢስ ካለበት ቦታ አውጡት፤ የጠበቀ ልብሱን አላሉለት። ሰው አይክበበው። የሚነፋ መድኃኒት ታዞለት ከሆነ ባለሙያው ባዘዘው ልክ ስጡት። አፋጣኙ መድኃኒት ሳልቡታሞል ይባላል፤ ብዙ ጊዜ መንፊያው ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው፣ ማለትም እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መከላከያ፣ ደኅና በሆነበትም ቀን የሚወሰድ ነው። «ተሽሎታል» ብላችሁ አታቋርጡት።

ሕፃን መንፊያውን በቀጥታ መሳብ ይቸግረዋል። በደቡብ አፍሪካ የተሠራና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ በመንፊያው አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ሲደፈን፣ በገንዘብ ከሚገዛው መሣሪያ የማያንስ አገልግሎት ይሰጣል። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል አንድ ጊዜ ለተነፋው መድኃኒት አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ይተነፍሳል። አሠራሩን ከጤና ባለሙያው ዘንድ አይታችሁ ተማሩ።

ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሹ ከተቆረጠ፣ የጎኑ ሥጋ በአጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም መድኃኒቱ ካላሻለው፣ «እስኪነጋ እንይ» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በመንገድም ላይ መድኃኒቱ አይለየው።

የአኮ ነገር

አሁን ወደዚያች ልጅ ቤት እንመለስ። ከመስቀል በኋላ ሄደን ስናይ በረንዳው ላይ የቡና ምጣድ ተጥዷል፤ የሚቆሉት አኮ ናቸው። እቤት ገብተን ተቀመጥን። ሳሩ እርጥብ ነው፤ በሩ ተከፍቷል። ማጨሻው በቦታው አለ፤ በውስጡ አምስት ስድስት ፍሬ ነጭ እጣን ተቀምጧል፤ ፍም ግን የለበትም። አኮ አየት አደረጉንና «እንዳታስቡ፣ እናንተን ፈርቼ አይደለም። እናቴ ብትኖር ኖሮ እሷም ከእጣኑ ልጅቱን ትመርጥ ነበር» አሉ። ከዚያም ተነሥተው መረቁ። እኛም አሜን አልን።

ልጅቱ ፈጽማ ድናለች አንልም፤ አስም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ብርድ ሲሆን ይነሣባታል። ነገር ግን ብዙውን ሌሊት ተኝታ ታድራለች፤ እናቷም እንዲሁ።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉ በቤታችሁ የሚስለውን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። በየሌሊቱ የሚስል፣ ደረቱም የሚያፏጭ ካለ በቀበሌያችሁ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ወስዳችሁ አስመርምሩት። ፍሙንም ከማጨሻው አውጡት። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም እንደ ወትሮው ይቅረብ። ቤታችሁን በረከት አይለየው።