በአሸዋ ምድር ላይ የቆመ ሰበካ
የሄርማንስቡርግ መንደር ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በየማኅበረ ምእመናኑና በየፕሮጀክቱ ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ ርዳታ ከየት ይመጣል? የሚሰጡትስ እነማን ናቸው?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን መልሱን የምናውቀው ይመስለናል፤ ባሕር ማዶ ያለው ሁሉ ባለጸጋ ስለሆነ ከተረፈው ላይ ይሰጣል እንላለን። ነገር ግን ወደ ምንጩ ወጥተን ስንመለከት የምናገኘው ሌላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጀርመን አገር በሉነቡርግ ሄይደ ስለምትገኘው ሄርማንስቡርግ ስለተባለች የገጠር መንደርና ስለ ሰበካዋ ልንነግራችሁ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄርማንስቡርግ ከጸለ ከተማ በስተ ሰሜን ኧርትሰ በተባለ ትንሽ ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ስሟን በ973 ከሞተው ከሳክሶኒያው መስፍን ከሄርማን ቢሉንግ አገኘች የሚል ትውፊት አለ። ወንጌልን በመጀመሪያ ያመጣላቸው ላንዶልፍ የሚባል መነኩሴ እንደሆነም አባቶች ለልጆቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ ስም ትጠራለች። በሉተር ዘመን የሉነቡርጉ መስፍን ኤርንስት በ1530 የአውግስቡርግን የእምነት መግለጫ ከፈረሙት መኳንንት አንዱ ስለነበረ፣ የአገሩ ሰበካዎች በሙሉ ወደ ተሐድሶው ገቡ።

አሁን ምድሪቱን እንመልከት፤ ምድሪቱን ሳናውቅ ሰዎቹን አናውቅምና። ሄይደ ማለት በጀርመንኛ ቁጥቋጦ የሸፈነው ሜዳ ነው። በበጋ ማብቂያ ላይ ሐምራዊ አበባ ሲያብብ ለዓይን ያምራል፤ ዛሬም ብዙ አገር ጎብኚ ይመጣል። ነገር ግን ይህ ሜዳ ዱሮ ደን ነበር። ሰው ደኑን ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨረሰው፤ በጎችም ቡቃያውን እየነጩ እንደገና እንዳይበቅል አደረጉት። የቀረው አፈር አሸዋ ነው። ገበሬው ከዚህ አሸዋ እህል ለማግኘት ቁጥቋጦውን ከነሥሩና ከነአፈሩ እየቆረጠ በከብቶቹ በረት ውስጥ ያነጥፈዋል። ከፋንድያው ጋር ከበሰበሰ በኋላ በእርሻው ላይ ይበትነዋል። አንዲቱን ማሳ ለማዳበር ብዙ ሜዳ ይራቆታል ማለት ነው። የመሬት መራቆትና የደን መጥፋት የእኛ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው የፕሮጀክት ሠራተኛ ካለ ይህን ልብ ይበል።

ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር። ሀብቱ በግ፣ ንብና ጥቂት እህል ነው። ገበሬው ለባላባቱ ግብርና ጉልበት ይከፍል ነበር፤ በሐኖቨር መንግሥት በ1831 እና በ1833 በወጡት ሕጎች መሠረት ዕዳውን በገንዘብ እየዋጀ ነጻ መውጣት የቻለው በዚያን ጊዜ ነው። እርሻው እንዳይበጣጠስ በማለት ርስቱን የሚወርስ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። የቀሩት ወንድሞችና እኅቶች በሰው ቤት ሎሌና ገረድ ይሆናሉ፤ ወይም ወደ አሜሪካ ይሰደዳሉ። የዚህች መንደር ሰዎች በድህነት ምክንያት ከቤት መለየትን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ወደዚህ ሕዝብ መካከል ሉድቪግ ሃርምስ የተባለ ሰው መጣ። በ1808 ተወልዶ፣ አባቱ የሄርማንስቡርግ ቄስ ሆኖ ሲሾም በልጅነቱ ወደ መንደሪቱ ገባ። በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ልጆች ሲያስተምር ከቆየ በኋላ በ1844 የአባቱ ረዳት፣ በ1849 ደግሞ የሰበካው ቄስ ሆነ። ሚስት አላገባም፤ ሰውነቱም በሕመም የደከመ ነበር። ነገር ግን ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ መናገርን ያውቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የሚሰበከው በከፍተኛው ጀርመንኛ ሲሆን፣ እሑድ ማታ ግን ሕዝቡን በቤቱ ሰብስቦ በአካባቢው ንግግር ይተርክላቸው ነበር። ስለ ቀደሙት አባቶቻቸው፣ ስለ ጦርነትና ስለ ረኀብ ዘመን እያወራ በዚያው ወንጌልን ያስተምራቸዋል። ሰዎች ከሩቅ መንደር በእግራቸው እየመጡ ያዳምጡት ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በልባቸው አንድ ነገር ገባ፤ ወንጌልን ላልሰሙት ሕዝቦች ማድረስ። በጥቅምት ወር 1849 ሃርምስ ለሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፈተ። አሥራ ሁለት ወጣቶች ገቡ። መጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማሩት፤ በእጃቸውም ይሠሩ ነበር። ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ቴዎዶር ነው። በኋላም አንዳንድ ወጣቶች መጥተው «እኛ መስበክ አንችልም፤ ነገር ግን ማረስ፣ ቤት መሥራትና ብረት መቀጥቀጥ እንችላለን» በማለት አብረው ለመሄድ ጠየቁ። ስለዚህ ቃሉን የሚሰብኩና በእጃቸው የሚሠሩ በአንድነት እንዲሄዱ ተወሰነ።

የት ይሂዱ? ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው የጀርመን ሚሲዮናዊ በሸዋ ተቀምጦ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፈውን አንብበው ነበር። ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ከወጣ በኋላ መመለስ ተከልክሎ በ1844 ሞምባሳ ገብቶ ነበር። ሄርማንስቡርጎችም ከዚያ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር እንገባለን ብለው አሰቡ። የሚወስዳቸው መርከብ ግን አጡ። በዚህ ጊዜ ባሕር የራቃት የገበሬ መንደር የራሷን መርከብ ለማሠራት ቆረጠች። ገበሬው እህልና ከብት አመጣ፤ ሴቶች ፈተሉ፣ ሰፉ፤ ከሌላ ሰበካም ስጦታ ደረሰ። መርከቢቱ በሐርቡርግ ተሠርታ በ1853 አለቀች። ስሟን «ካንዳሴ» አሏት። ይህ ስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጠቀሰችው፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ህንደኬ» የምትባለው የኢትዮጵያ ንግሥት ስም ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ስምንት ሚሲዮናውያንና ስምንት የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ተሳፈሩ።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ውብ ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን ዕቅዱ አልተሳካም። በ1854 ምሥራቅ አፍሪካ በደረሱ ጊዜ በዛንዚባሩ ሱልጣን ሥር ያሉት ባለሥልጣኖች በሞምባሳ በኩል እንዲገቡ አልፈቀዱላቸውም። መርከቢቱ ወደ ደቡብ ተመልሳ ናታል ደረሰች፤ በዚያም መሬት ገዝተው በዙሉ ሕዝብ መካከል አዲስ ሄርማንስቡርግ መሠረቱ። ከዚያም ሥራው ወደ ጽዋና ሕዝብ፣ ወደ ሕንድና ወደ አውስትራሊያ ተስፋፋ። በአውስትራሊያ መካከል በ1877 የተቆረቆረውም ጣቢያ ሄርማንስቡርግ ተባለ።

በደቡብ አፍሪካ የሆነውን ግን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። ከሚሲዮናውያኑ ጋር የሄዱት ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው በዚያው ቀሩ። መሬት ያዙ፤ የራሳቸውንም የጀርመንኛ ጉባኤ አቆሙ። አንድ ወንጌል የሰሙ ነጮችና ጥቁሮች ለየብቻ ማምለክ ልማድ አደረጉት፤ ከ1948 በኋላ የዘር መለያየት የመንግሥት ፖሊሲ በሆነ ጊዜም ይህ ልማድ ለግፉ ምቹ ሆኖ ተገኘ። በጎ ሐሳብ ይዞ የሄደ ሰው ከሚያገለግለው ሕዝብ ተለይቶ ሲቀመጥ የሚደርሰው ይህ ነው።

በመንደሪቱም ውስጥ መለያየት ደረሰ። ሉድቪግ ሃርምስ በ1865 ካረፈ በኋላ ቴዎዶር ተተካ። በ1866 ፕሩሲያ የሐኖቨርን መንግሥት ያዘች። ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ መፈጸም ሲጀምር በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሥርዓት ላይ ክርክር ተነሣ። ቴዎዶር አዲሱን ሥርዓት አልቀበልም በማለቱ በ1878 ከቅስናው ተሻረ፤ ተከታዮቹም ነጻ ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። በአንዲት ትንሽ መንደር ጎረቤትና ጎረቤት፣ ዘመድና ዘመድ በሁለት ደወል መጠራት ጀመሩ። በእኛም ማኅበረ ምእመናን መለያየት ሲመጣ እንደ አዲስ ነገር አንደንግጥ፤ ነገር ግን ቶሎ የሚድን ቁስል እንዳልሆነ ከዚህ እንወቅ።

ወደ ኦሮሞ አገር የመሄዱ ሐሳብስ የት ቀረ? አልተረሳም። በ1920ዎቹ መጨረሻ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያ ገቡ፤ በ1928 በምዕራብ ወለጋ በአይራ ሥራ ጀመሩ። «ካንዳሴ» ከጀርመን ከተነሣች ሰባ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። በደረሱም ጊዜ ምድሩን ባዶ ሆኖ አላገኙትም። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው አናሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1899 አሳትሞ ነበር፤ ነቀምቴም ውስጥ እያስተማረ ነበር። ከሩቅ የመጡት ሰዎች የአገሩ ልጆች በዘሩበት እርሻ ላይ ነው የገቡት።

በ1941 የጣሊያን አገዛዝ ሲያበቃ ጀርመናውያኑ ከአገር መውጣት ግድ ሆነባቸው። ብዙ ሰው ሥራው ከእነርሱ ጋር ያልቃል ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። አላለቀም። እንደ ዳፋ ጃሞ ያሉ አገር በቀል አገልጋዮች ምእመናኑን ጠበቁ፣ አስተማሩ። ሚሲዮናውያኑ በተመለሱ ጊዜ ያገኙት በራሷ እግር የቆመች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትቋቋም ሃያ ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ ዛሬ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ስለ መንደሪቱ ስንናገር ልናልፈው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። ከሄርማንስቡርግ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በጸለ አውራጃ፣ ናዚዎች የቤርገን ቤልሰንን የእስረኞች ካምፕ አቁመው ነበር። የብሪታንያ ጦር ሚያዝያ 15 ቀን 1945 እስከደረሰበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ባሉት ሳምንታት በዚያ ካምፕ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰዎች በረኀብ፣ በተስቦና በጭካኔ አለቁ። የአፍሪካን ሕዝብ ለመርዳት ባሕር የተሻገረ አገር በደጁ ላለው ጩኸት ምን መልስ ሰጠ? ይህ ጥያቄ በአካባቢው ሰበካዎች ላይ እስከ ዛሬ ይጠየቃል። እኛም ለሩቁ ችግረኛ ገንዘብ ስንሰበስብ፣ በአጥራችን ጥግ የሚቃትተውን ማየት እንዳንተው ይገባናል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ ለምእመናን የምንለው አለ። «ካንዳሴን» ያሠሩት ባለጸጎች አልነበሩም፤ ከአሸዋ ላይ እንጀራቸውን የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ሲኖረን እንሰጣለን» የሚለውን አነጋገር እንተው። በመቀበል የቆየ ማኅበር መስጠትንም ሊጀምር ይችላል። በጎረቤት ወረዳ ድርቅ ሲሆን አንድ ቁና እህል ከእኛ ቢሄድ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ኩንታል አያንስም።

ሁለተኛ፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው አለ። በሩቅ ሆኖ የተነደፈ ዕቅድ በወደቡ ላይ ሊመለስ ይችላል። ዕቅዱን ከማውጣታችን በፊት የአገሩን ሰው እንጠይቅ፤ ምናልባት አንድ አናሲሞስ ቀድሞን ዘርቶ ይሆናል። ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ክሊኒኩ ሲከፈት፣ እኛ በሌለንበት ቀን ማን ይጠብቀዋል ብለን ከመጀመሪያው እናስብ። መኖሪያችንንና ማዕዳችንንም ከሕዝቡ አናርቅ።

ሦስተኛ፣ ቃልና ሥራ አይለያዩ። ሰባኪውና ገበሬው በአንድ መርከብ ነበሩ። መካነ ኢየሱስ በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለውጭ ረዳቶች የላከችው ደብዳቤ የተናገረው ይህንኑ ነው። ረዳቶቹ ለልማት ብዙ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ማጠፋቸው ሰውን ለሁለት መክፈል መሆኑን ገለጸችላቸው። በ1974 በናይሮቢ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ይህንኑ ለመመካከር ስብሰባ ጠራ። ቄስ ጉዲና በ1979 በደርግ ዘመን ተገደሉ፤ ያነሡት ጥያቄ ግን አልሞተም። አንዲት ትንሽ የተቀባይ አገር ቤተ ክርስቲያን የሰጪዎቹን አስተማሪ ሆነች።

ዛሬ ሄርማንስቡርግ ተለውጣለች። ከ2015 ጀምሮ ከጎረቤቷ ከኡንተርሉስ ጋር ተዋሕዳ ዙድሃይደ በምትባል ወረዳ ውስጥ ትገኛለች። የዱሮው ሚሲዮን በ1977 የታችኛው ሳክሶኒያ አብያተ ክርስቲያናት የጋራ የሚሲዮን ድርጅት ሆኖ ተዋቅሯል። በጀርመን የምእመናን ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። በአይራና በዙሪያዋ ግን ቤተ ክርስቲያን ይሞላል። ስለዚህ ዱሮ እነርሱ ለእኛ እንደጸለዩ፣ አሁን እኛ ለእነርሱ ልንጸልይ ተራው ደርሶናል። ውለታ ለመመለስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ አካል ውስጥ አንዱ ብልት ሲደክም ሌላው ሊሸከመው ስለሚገባ ነው።

እግዚአብሔር የሰጪውንም የተቀባዩንም እጅ ይባርክ። አሜን።