ትዕግሥት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትዕግሥት ነው። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እያልን እንተርታለን። ሰው ሲቸገር «አይዞህ፣ ታገሥ» እንለዋለን። ታዲያ ትዕግሥት ማለት ምን ማለት ነው? እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው ወይ? ለበደለን ሁሉ ዝም ማለት ነው ወይ? አይደለም።

ትዕግሥትን ገበሬ ያውቃታል። የጤፍ መሬት ሦስት አራት ጊዜ ይታረሳል። ከዚያ ይዘራል፣ ይታረማል፣ ከከብት ይጠበቃል። በሐምሌ የተዘራው የሚታጨደው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ «በቀለ ወይስ አልበቀለም?» እያለ እንደ ዶሮ አፈር የሚጭር ገበሬ አለ ወይ? የለም። «እግዜር ያውቃል» ብሎ ሞፈሩን ሰቅሎ የሚተኛ ገበሬም ጎተራው ባዶውን ይቀራል። ደህና ገበሬ የሚችለውን ይሠራል፣ ከእጁ የወጣውን ይጠብቃል። ትዕግሥት ይህች ናት።

መጽሐፍ ቅዱስም ለትዕግሥት ምሳሌ ሲሰጥ ገበሬን ያነሣል። በያዕቆብ መልእክት፣ በ5ኛው ምዕራፍ፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ለክርስቲያኖች ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ኢዮብም ተጠቅሷል።

ኢዮብ 500 ጥማድ በሬ፣ 7,000 በግ፣ 3,000 ግመልና 500 አህያ ነበረው። በሬዎቹ በእርሻ ላይ እንዳሉ ዘራፊዎች መጥተው ነዱበት። በዚያው ቀን ሌላውም ሀብቱ ጠፋ፤ 10 ልጆቹም ቤት ተደርምሶባቸው ሞቱ። ቀጥሎ ሰውነቱ ቆሰለና ዐመድ ላይ ተቀመጠ። ታዲያ ኢዮብ ዝም አለ ወይ? አላለም። አለቀሰ፣ የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ድረስ አዘነ። ወዳጆቹ «ኃጢአት ብትሠራ ነው» ሲሉት አልተቀበላቸውም። ይሁን እንጂ አምላኩን አልካደም። እንግዲህ ማልቀስና መጠየቅ ትዕግሥትን አያጠፋም ማለት ነው። ያዘነ ሰው ሲያለቅስ «ታገሥ እንጂ!» ብለን አፉን አንዝጋበት።

ትዕግሥት የሚፈተነው በትልቅ መከራ ብቻ አይደለም። በየቀኑ ይፈተናል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ትተን እንውላለን። ሆድን ማስታገሥ ችለናል ማለት ነው። ምላስንስ? ለጾም እየታገሥን በጎረቤት ላይ ክፉ ቃል የምንወረውር ከሆነ ጾሙ ጎደሎ ነው።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። ወይፈን ቀንበር እስኪለምድ ድረስ ስንት ቀን እንታገሠዋለን? ይጎትታል፣ ይወድቃል፣ ትልም ያበላሻል። እኛም እያባበልን እናስለምደዋለን። ልጅ ግን እንስራ ቢሰብር ወዲያው ዱላ እናነሣለን። ለወይፈን ያልነፈግነውን ትዕግሥት ለልጃችን እንዴት እንነፍገዋለን?

ከሁሉ የሚከፋው የድንበር ጠብ ነው። ጎረቤት አንድ ትልም ገፍቶ ያርሳል። ባለ መሬቱ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ከዚያ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይታሰራል። በሬው ለሙግት ይሸጣል። በሁለት ቤት ልጆች ያለ አባት ያድጋሉ፤ ቂሙም ለእነሱ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ለአንድ ትልም! ትዕግሥተኛ ሰው ግን በንዴቱ ሰዓት ማሳው ላይ አይሄድም። አንድ ሌሊት ያሳድረዋል። ሲነጋ የድንበሩን ድንጋይ የሚያውቁ ሰዎችን ይጠራል፣ ለሽማግሌዎች ይነግራል። በሽማግሌ ካላለቀ ፍርድ ቤት አለ። መሬቱን አልተወም፤ መብቱን በዱላ ሳይሆን በሽማግሌና በሕግ ጠየቀ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የማይጠበቅ ነገርም አለ። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ዐይኑ ሲጎደጉድና ሲደክም «እንታገሥ፣ ይሻለዋል» ማለት ትዕግሥት አይደለም። ያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ምጥ የጸናባት እናትም እንዲሁ ናት። ትዕግሥቱ የሚያስፈልገው ለመንገዱ ድካምና በሽተኛውን ለማስታመም ነው።

እኛ ራሳችን ፊደል ስንቆጥር ያየነው ይኸው አይደለም ወይ? እርፍ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። 33 ፊደሎች በ7 በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በአንድ ቀን የጨረሳቸው የለም። ዛሬ ሀ፣ ነገ ለ እያልን ነው እዚህ የደረስነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው እውነት ነው።

ትዕግሥትንም እንደዚሁ በጥቂት በጥቂቱ እንማራት። ዛሬ አንዲት ክፉ ቃል ከመናገራችን በፊት እንዋጣት። ነገ አንድ ንዴት እናሳድር። ከነገ ወዲያ ከተቀየምነው ሰው ጋር ሽማግሌ ፊት እንቀመጥ። የክርስቲያን ትዕግሥት በሰንበት ብቻ አትታይም። በማሳ፣ በማጀት፣ በገበያም ትታያለች። እግዚአብሔር ያስችለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኢዮብ አልቅሶ ሳለ ትዕግሥተኛ የተባለው ለምንድን ነው?
2. የድንበር ጠብ ሲነሣ በመጀመሪያ ምን ማድረግ ይገባል?
3. በቤታችሁ መታገሥ የሚገባው ነገር ምንድን ነው? መዘግየት የማይገባውስ?