ስለ ትንሿ ሰማያዊ ማካው



በደቡብ አሜሪካ ከበቀቀን ወገን የሆኑ፥ ማካው የሚባሉ ወፎች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ትልልቆችና ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ናቸው። ዛሬ የሚነገርላት ግን አነስ ያለችው ናት፤ የብራዚል ሰዎች በቋንቋቸው «አራሪንያ አዙል» ይሏታል፥ ይኸውም ትንሿ ሰማያዊ ማካው ማለት ነው።

ርዝመቷ ከመንቍሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 55 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከዚሁም እኩሌታው ያህል ጅራት ስለ ሆነ ክብደቷ ከ300 ግራም ብዙ አይርቅም። ገላዋ ሰማያዊ ነው፤ ራሷ ግን ዐመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ጥቍርማ ቆዳ አለ፥ ዓይኗም ፈዘዝ ያለ ብጫ ነው። የጫጩቷ ፊት ነጭ፥ ዓይኗ ቡናማ ሲሆን በመንቍሯ ላይ ነጭ መሥመር ይታያል። ስለዚህ ልጅን ከእናት ለመለየት ፊትን ማየት ይበቃል።

አገሯ የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፥ በባሂያ አውራጃ ኩራሳ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ምድሩ ካቲንጋ ይባላል፤ ይህም በቀደሙት ነዋሪዎች በቱፒዎች ቋንቋ «ነጭ ዱር» ማለት ነው፥ በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ነጥቶ ስለሚታይ። ዝናሙ ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ጅረቱ ደረቅ አሸዋ ይሆናል። በእነዚህም ጅረቶች ዳር ካራይባ የሚባል፥ ብጫ አበባ ያለው ረጅም ዛፍ ይበቅላል። ወፊቱ ጎጆ መሥራት አታውቅም፤ ያረጀ ካራይባ ፍልፍል ፈልጋ ዝናሙ ሲቃረብ ሁለት ወይም ሦስት እንቍላል ትጥላለች። ምግቧም ይልቁን ከጉሎ ወገን የሆኑ የዱር ዛፎች ፍሬ ነው። እንግዲህ ኑሮዋ ሁሉ በጅረት ዳር ባለች ጠባብ የዛፍ መሥመር ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ስፒክስ የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1819 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሳን ፍራንሲስኮ ወንዝ አጠገብ አንዲቱን ገድሎ ወደ አገሩ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው ጥቂት ነው። በጅረቱ ዳር ዛፉ ተቈረጠ፤ ፍየሉም ቡቃያውን እየቀጠፈ ስለ በላ፥ ያረጀው ሲወድቅ የሚተካው ጠፋ። ፍየል የሚያረባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚህም የባሰው የአጥማጅ ነገር ነው፤ ወፊቱ ብርቅ በሆነች ቍጥር ዋጋዋ ናረ፥ ዋጋዋ በናረ ቍጥር ወጥመዱ በዛ።

በ1990 ዓ.ም. ሲፈለግ በዱር የተገኘው አንድ አውራ ብቻ ነበር። ይኸው ብቸኛ የወገኑን ሴት ቢያጣ፥ አረንጓዴ ገላ ካላት ከሌላ ዐይነት ማካው ጋራ ተጣምሮ ይኖር ነበር። በ1995 ዓ.ም. በሰው እጅ የነበረች የወገኑ ሴት ብትለቀቅለት፥ ብዙ ሳትቆይ ጠፋች። እርሱም ከጥቅምት 2000 ዓ.ም. በኋላ አልታየም።

ዘሯ ያልጠፋው በውጭ አገር በቤት የተያዙት በጥንቃቄ ስለ ተዋለዱ ነው። በ2020 ዓ.ም. 52 ወፎች ከጀርመን ወደ ኩራሳ አቅራቢያ ተመለሱ፤ በሰኔ 2022 ዓ.ም. 8ቱ ተለቀቁ። በቤት ያደጉ ስለ ሆኑ ምግብ የት እንዳለ፥ ከጭልፊት እንዴት እንደሚሸሹ አያውቁም ነበር። ስለዚህ ዱሩን እንዲያስተምሯቸው 8 ሌሎች ማካዎች አብረው ተለቀቁ፤ እነዚህም የዚያ ብቸኛ አውራ ጓደኛ የነበረችው የአረንጓዴዪቱ ወገን ናቸው።