ታንክን ከሰማይ ማን ይጠብቀዋል?

(በሸደር ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ከሸደር ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ የሚሄድ መኪና ገና ከሩቅ በአቧራው ይታወቃል። ምድሩ ሜዳ ነው፤ መሸሸጊያ የለውም። ዛሬ ስለ ታንክና ስለ ድሮን ለመናገር ስንነሣ ከዚሁ አቧራ መጀመርን መረጥን።

ታንክ ሲሠራ ጠላቱ ከፊቱ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ብረት በግንባሩ ላይ ይደረጋል፤ የጣራው ብረት ግን ስስ ነው። ሁሉንም ጎን እኩል እናወፍር ቢባል ክብደቱ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል።

ይህን ድካሙን የእኛው ምድር አስቀድማ አይታለች። መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር በታንክ እየተመራ ጅጅጋን ያዘ። ሆኖም በሰማይ ላይ የበላይ የነበረው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነበርና፥ በሜዳው የሚጓዙት ታንኮችና ስንቅ ጫኝ መኪናዎች ከኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሚከላከላቸው አጡ። በኋላም የኢትዮጵያና የኩባ ጦር በካራማራ በር ፊት ለፊት ብቻ ከመግፋት ይልቅ፥ ቀላል ብረት ለበሶችን በሄሊኮፕተር ተራራውን አሻግሮ ከጅጅጋ በስተ ሰሜን አወረደ። የካቲት 26 ቀን ከተማይቱ ተመለሰች። ያን ጊዜ ግን የሰማይ የበላይነት ውድ አውሮፕላን፥ የሠለጠነ አብራሪና ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር።

ድሮን የለወጠው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በናጎርኖ ካራባህ በተደረገው የ44 ቀን ጦርነት የአዘርባይጃን ድሮኖች የአርመኖችን ታንኮች ከምሽጋቸው ሳይቀር እየፈለጉ መቱ። በአገራችንም በሰሜኑ ጦርነት ድሮን ተሠርቶበታል። በዩክሬን ደግሞ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገጣጠም ትንሽ ድሮን፥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የወጣበትን ታንክ በስስ ጣራው ወይም በጀርባው ይመታል። አሜሪካ ለዩክሬን የሰጠቻቸው 31 ኤብራምስ ታንኮች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 በድሮን ምክንያት ከፊት መስመር እንዲርቁ መደረጋቸውን የአሜሪካ ባለሥልጣኖች ተናግረዋል።

መድኃኒት አልተፈለገለትም አይባልም። በታንኩ ጣራ ላይ የብረት ፍርግርግ ይሠራል፤ ድሮኑ የሚመራበት የሬዲዮ ሞገድም ይታወካል። ነገር ግን ፍርግርጉ ሲበዛ መድፉን ለማዞር ያስቸግራል፤ ሞገዱም ሲታወክ በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚመራ ድሮን መጣ።

እንግዲህ ታንክ ሞቷል እንበልን? እ.ኤ.አ. በ1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የግብፅ እግረኞች በሚሳይል ብዙ የእስራኤል ታንኮችን ባቃጠሉ ጊዜም እንዲሁ ተብሎ ነበር፤ ታንክ ግን አልቀረም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የታንክ ዕድሜ በብረቱ ውፍረት መለካቱ ቀርቶ፥ ከዐይን በመሰወሩና ሰማዩን በሚጠብቁለት መለካት ጀምሯል።

ይህም የመኮንኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በታንክ ውስጥ የሚቀመጡት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ብዙውን ጊዜ እኩዮቻችን ናቸው። በ1970 ዓ.ም. በሁለቱም ወገን የተቃጠሉት የእናት ልጆች ነበሩ፤ በየቤታችን የሚነገረው ታሪክ ቢለያይም ኀዘኑ አንድ ነው። ስለዚህ ድኻ አገር ለታንክ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት «ከሰማይ ማን ይጠብቀዋል?» ብላ ትጠይቅ። ከዚያም በፊት፥ ልጆቿን በዚያ ብረት ውስጥ ሳታስገባ ነገሩ በሽምግልና ያልቅ እንደሆነ ትጠይቅ። ሸደር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦርነት የሸሹ የሶማልያ ስደተኞችን ያስጠለለች ናት። ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ ከእነሱ በላይ የሚያስተምረን የለም።