«ብርድ ነው» ሲባል

ደረጀ፦ ሳምሪ፣ ነፍሰ ጡር ሽንቷን ሲያቃጥላት እኛ ሰፈር «ብርድ መቷት ነው፣ ፌጦ ስጧት» ይባላል።

ሳምራዊት፦ ብርዱ ምን አደረገ! ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በእርግዝና ሆርሞን የሽንት ቱቦው ይላላል፣ ማሕፀንም ይጫነዋል፤ ሽንት ይቋጠራል፣ ባክቴሪያው ይራባል።

ደረጀ፦ ካላቃጠላትስ?

ሳምራዊት፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ባክቴሪያው ምንም ሳይሰማት ኩላሊቷ ድረስ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ የጎን ውጋት፣ አንዳንዴም ያለጊዜው ምጥ። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ለሽንት ምርመራ ብልቃጥ የሚሰጧት ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ሽንት ትልቀቀው፣ መሃሉን ትቀበል።

ደረጀ፦ ከተገኘባት የሚሰጣት መድኃኒት ፅንሱን አይጎዳም?

ሳምራዊት፦ ለእርጉዝ የሚሆነውን ሐኪሙ ይመርጣል። ምልክት ለሌለው ኢንፌክሽን የዓለም ጤና ድርጅት የ7 ቀን አንቲባዮቲክ ይመክራል። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋስ ግን፣ ደረጀ፣ እሱን ተወኝ!