አንድ ጽሑፍ ለሦስት ሰሌዳ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው የኤሌክትሮኒክስ ክበባችን ስለ ሠራው ደወል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ያስተማረን ግን ብዙ ነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት የትምህርት ቤታችን ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛችን በብረት ሲመቱት ቅርብ ያለው ይሰማል፤ ከኋላ ያለው ክፍል ግን፥ ይልቁንም በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ጊዜ፥ አይሰማም። ስለዚህ በሦስቱ የክፍል ሕንፃዎች ላይ ሰዓት እየቆጠሩ በራሳቸው የሚጮኹ ሦስት ደወሎች ለመሥራት ተነሣን።

በስጦታ ያገኘናቸው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ግን ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ እነርሱም አርዱዊኖ ኡኖ፥ ኢኤስፒ 32 እና ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ናቸው። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ሥራውን የሚመራ ቺፕ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋው ትእዛዝ ፈርምዌር ይባላል። ሦስቱ ቺፖች ቋንቋቸው የተለያየ ሦስት ሰዎችን ይመስላሉ። ስለዚህ እኛ የጻፍነውን ፕሮግራም ኮምፓይለር የሚባል ተርጓሚ ወደየቋንቋቸው ሊመልሰው ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ለየሰሌዳው የተለየ ቅጂ አዘጋጅተን በሦስት ቦታ አስቀመጥን። በኋላም የዕረፍት ሰዓት ሲለወጥ ሁለቱን አርመን ሦስተኛውን ረሳን። አባቶቻችን ብራና ሲገለብጡ ቅጂውን ከዋናው መጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ እኛ ግን ዋና የምንለው ቅጂ አልነበረንም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቲቭ ጆንሰን ስሕተቱን አስቀድሞ አርሞ ሳለ፥ የታረመው ጽሑፍ እንደገና ስላልተተረጎመ፥ ትክክለኛ ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ አንድ ጧት በከንቱ አለፈበት። ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ይህን ሰምቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ሜክ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ሜክ የተለወጠውን ክፍል ለይቶ እንደገና የሚያስተረጉም ነው።

እኛም የዚሁ ዘር የሆነውን ፕላትፎርምአይኦ የተባለ መሣሪያ አገኘን። የሦስቱን ሰሌዳዎች ስም በአንድ ፋይል ዘርዝረን አንድ ትእዛዝ ብንሰጠው፥ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ተርጓሚ ከኢንተርኔት አምጥቶ ከአንዱ ጽሑፍ ሦስት ፈርምዌር አወጣልን። ተርጓሚዎቹ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህም ኔትወርክ መጣ ሄደ ለሚልበት አገር ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ። መሣሪያው አንዳች ስሕተት ስላልነገረን ሥራው ያለቀ መሰለን፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሞክረን ሰቀልናቸው። በመጀመሪያው ቀን እስከ 9 ሰዓት ሦስቱም በአንድነት ጮኹ። የመውጫው የ9:30 ደወል ግን በሁለቱ ሕንፃዎች ሲጮኽ በሦስተኛው ዝም አለ። በዚያ የነበሩት ታናናሾቻችን፥ ብዙዎቹ ሩቅ መንገድ በእግር የሚሄዱ፥ ተቀምጠው ቀሩ። ዘበኛችን ናቸው ደርሰው ያስወጧቸው። እኛንም «ልጆቼ፥ እኔ ደወል ከመታሁ በኋላ ተማሪው መውጣቱን ሳላይ ዞሬ አላውቅም» አሉን።

ምክንያቱን ስንመረምር ይህን አገኘን። ደወሎቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው ሴኮንድ እንዲቆጥሩ አዘናል። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ የተለመደው የቁጥር ማስቀመጫ 16 ቢት ስለ ሆነ ከ32,767 በላይ አይዝም፤ በሁለቱ ላይ ግን 32 ቢት ስለ ሆነ ከ2 ቢሊዮን በላይ ይይዛል። 32,767 ሴኮንድ ማለት 9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ሞልቶ ከዜሮ በታች ስለ ወደቀ 9:30 ከቶ አልደረሰለትም። ያንኑ አንድ ቃል አንዱ ቺፕ በጣሳ፥ ሁለቱ በቁና ሰፈሩት።

ስለዚህ የማስቀመጫው ስፋት በሁሉም ላይ 32 ቢት እንዲሆን በግልጽ ጻፍን። ያረምነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ለሦስቱም አደረሰው። ደግሞም ሙሉውን ቀን በጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ፈተና ጨመርን፤ ይህን ፈተና በሦስቱም ሰሌዳ ላይ ያላለፈ ፈርምዌር አይሰቀልም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ መሣሪያ ከመርሳትና ከድካም ያድነናል፤ ትክክሉንም ስሕተቱንም ግን እኩል ያባዛል። ሥራው ለሰው መድረሱን ማየት የሠሪው ፈንታ ነው። እኛ ዘንድሮ ጨርሰን ስንሄድ ጽሑፉንም ፈተናውንም ለእናንተ እንተዋለን። ቸርኬውም ከዛፉ አልወረደም፤ ዘበኛችንም ዛሬም ቆመው ያያሉ።