ለመኪና ሙዚቃ የሚበቃ ኃይል ከየት ይመጣል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር



የመረጥሁት ርእስ ለመኪና ሙዚቃ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ነገሩ ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በፊዚክስ ክፍል የተማረውን ሒሳብ የዘነጋ ሰው በዚህ ጨዋታ መኪናውን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

ብዙ ወጣት መኪና እንዳገኘ የመጀመሪያ አሳቡ ትልቅ አምፕሊፋየርና ትልቅ ስፒከር ማስገባት ነው። ድምፁ ምን ያህል እንደሚሆን ይጠይቃል እንጂ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። «ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» እንደሚባለው እኛ ከሥሩ እንጀምር።

በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው አልተርኔተር፥ ሠራተኞች ዲናሞ የሚሉት ነው። ባትሪ ኃይል ያከማቻል፤ ዋና ሥራውም ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሁሉን የሚመግበው፥ ከባትሪውም የወጣውን የሚመልሰው አልተርኔተሩ ነው። ስለዚህ ሞተር አጥፍቶ ሙዚቃ የሚያስጮኽ ሰው ለነገ መነሻ ያስቀመጠውን ስንቅ ይበላል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ዋት የቮልትና የአምፔር ብዜት ነው። ለስፒከሮች 600 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር እንውሰድ። ከተቀበለው ኃይል ከመቶ 80 እጁን የሚያስተላልፍ ጥሩ መሣሪያ ቢሆን፥ የቀረው ሙቀት ስለሚሆን 750 ዋት መቀበል አለበት። የመኪናው ቮልት 13.8 ነው ብንል፥ 750 ለ13.8 ሲካፈል 54 አምፔር ያህል ይሆናል። አልተርኔተሩ 70 አምፔር የሚሰጥ ከሆነ ለመብራቱ፥ ለነዳጅ ፓምፑ፥ ለዝናብ መጥረጊያውና ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው 16 ብቻ ነው። ይህም ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር አልተርኔተሩ የሚሰጠው በጣም ያንሳል። እርግጥ ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ስለማይጮኽ አማካዩ ፍጆታ ዝቅ ይላል። ቢሆንም ከበሮው በተመታ ቁጥር የፊት መብራቱ የሚደክም ከሆነ፥ መኪናው ራሱ «አልበቃኝም» እያለ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሽቦው ነው። ባትሪው ከፊት፥ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ሲሆን 5 ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። ስፋቱ 4 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 54 አምፔር ቢያልፍ ከ1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል፤ 60 ዋት የሚያህልም ሙቀት ይወጣል። ይህ አንድ የድሮ አምፖል አብርቶ ምንጣፍ ሥር እንደ መቅበር ነው። ሽቦው 16 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን የሚጠፋው 0.3 ቮልት ያህል ብቻ ነው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከውጭ ሲያዩት መዳብ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ግን ከመዳብ ያንሳል። ከአምፕሊፋየሩ ወደ መኪናው ብረት የሚመለሰውም ሽቦ እኩል ውፍረት ሊኖረው፥ የሚታሰርበትም ብረት ቀለሙ ተፍቆ ሊጠራ ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ፊውዝ ነው። ፊውዙን ከኋላ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ የሚያደርግ ሰው 5 ሜትሩን ሽቦ ያለ ጠባቂ ይተወዋል። የሽቦው ልባስ በስለታም ብረት ተፍቆ የመኪናውን አካል ቢነካ፥ ባትሪው በመቶ የሚቈጠር አምፔር ይለቃል፤ ሽቦውም ወዲያው ይግላል፤ እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ቢሆን ግን ጥፋቱ ሳይስፋፋ ይቈርጠዋል። መጠኑም ሽቦው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥቶ በቦታው ቁራጭ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ የሚተኛን ይመስላል።

አንዳንዶች ጉድለቱን በካፓሲተር እንሞላለን ይላሉ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው 26 ጁል ነው፤ ይህ ለ750 ዋት የሴኮንድ ሠላሳኛ ያህል ብቻ ይበቃል። ተጨማሪ ባትሪም ቢሆን አልተርኔተሩ ያልሰጠውን አይፈጥርም። እውነተኛው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ አልተርኔተሩን ማሳደግ ወይ ፍላጎትን መቀነስ። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር የመረጠ ሰው ያንኑ ድምፅ በግማሽ ኃይል ያገኛል፤ በገንዘብም ብዙ ጊዜ ይህ ይረክሳል።

ጓደኞቼ! ከእኛ መካከል ነገ መኪና የሚገዛ፥ መኪናም የሚጠግን አይጠፋም። ወደ ገበያ ከመሄዳችን በፊት እርሳስና ወረቀት እንያዝ፤ አምፔሩን፥ ሽቦውንና ፊውዙን እናስላ። ሒሳቡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ንብረትና ሕይወት ነው።